በዕንቁ የተሸጠው ቤት፦ አንድ የኒውዮርክ መኖሪያ እንዴት ሱቅ ሆነ

ኒውዮርክ ውስጥ፣ አምስተኛው ጎዳና ከ52ኛው መንገድ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ፣ አንድ የቆየ የድንጋይ ቤት አለ። ዙሪያውን ፎቅ ውጦታል፤ እሱ ግን ዝቅ እንዳለ እዚያው ነው። ዛሬ የካርቲየር የጌጣጌጥ መደብር ነው። ድሮ የአንድ ሰው መኖሪያ ነበር።

ስለዚህ ቤት የሰማ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። ቤቱ በ1917 የተሸጠው በ100 ዶላርና በአንድ የዕንቁ ሐብል ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ታሪኩ ደስ ይላል፣ ለጨዋታ ይመቻል። ግን ሐብሉ ላይ ብቻ ስናፈጥ ዋናው ጉዳይ ያመልጠናል። ሰው ሊኖርበት የተሠራ ቤት በ12 ዓመት ውስጥ እንዴት ለንግድ የሚሸጥ ቤት ሆነ? ገዢውስ በትክክል የገዛው ምንድን ነው? ድንጋዩን ነው? ጥጉን ነው? ወይስ ሌላ ነገር?

መሬቱ ላይ የታሰረው ገደብ

ነገሩ የሚጀምረው ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ነው። በ1800ዎቹ መጨረሻ አምስተኛው ጎዳና የሚሊየነሮች ሰፈር ነበር። በተለይ በ51ኛውና በ52ኛው መንገድ አካባቢ የቫንደርቢልት ቤተሰብ ተሰባስቦ ይኖር ነበር፤ ሀብታቸው ከመርከብና ከባቡር የመጣ ነው። ዊልያም ኪሳም ቫንደርቢልት 660 ቁጥር ላይ የፈረንሳይ መሳፍንት ግንብ የመሰለ ቤት አሠርቶ ነበር። ከጎዳናው ማዶ ደግሞ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ነበር። ማሳደጊያው ቦታውን ሲለቅ ሰፊ መሬት ለገበያ ወጣ።

ሀብታሞቹ ሰጉ። እዚያ ሆቴል ቢቆምስ? ሱቅ ቢደረደርስ? ያን ጊዜ ኒውዮርክ "ይሄ ለመኖሪያ፣ ያ ለንግድ" ብሎ የሚለይ አጠቃላይ የመሬት አጠቃቀም ደንብ አልነበራትም። የከተማዋ የመጀመሪያው ደንብ የወጣው በ1916 ነው። እስከዚያ ድረስ ሰፈሩ እንዳይለወጥበት የፈለገ ሰው በራሱ ኪስ ነበር የሚከላከለው። ቦታውን ይገዛዋል። ከዚያ ለወደደው ሰው በውል አስሮ ይሸጥለታል።

ቫንደርቢልትም ያደረገው ይህንኑ ነው። የጥጉን ቦታ ለሞርተን ፕላንት ሲሸጥለት አንድ ነገር አስገባበት፦ ለ25 ዓመት ከመኖሪያ ቤት ሌላ ምንም እንዳይሆን።

በእኛ አገር እንዲህ ያለውን ነገር የሚወስነው የከተማው ፕላን ነው፤ መሬቱም የግል አይደለም። ስለዚህ አንድ ሻጭ "ቦታውን ሸጬልሃለሁ፣ ግን ሱቅ አታደርገውም" ብሎ ገዢውን ሩብ ምዕተ ዓመት ሲያስር መስማት ለጆሯችን እንግዳ ነው። እዚያ ግን የተለመደ ነበር። እንዲህ ያለው ገደብ የሚጣበቀው መሬቱ ላይ ነው። ባለቤት ቢቀያየርም ዕዳው አብሮ ይሻገራል።

ፕላንት በገደቡ አልተከፋም። የሚፈልገውም መኖሪያ ነበር። አባቱ ሄንሪ ፕላንት ፍሎሪዳን በባቡርና በመርከብ ያስተሳሰረ፣ ታምፓ ላይ ግዙፍ ሆቴል ያቆመ ሰው ነው። ልጁ ውርሱን ተቀብሎ በመዝናኛ መርከብና በውድድር ስሙን ያስጠራ ጌታ ሆነ። የቤቱን ንድፍ ሮበርት ጊብሰን ለተባለ አርክቴክት ሰጠ። ቤቱ በ1905 አለቀ።

እንደ ቫንደርቢልቶቹ ቤት በማማና በቅርጻ ቅርጽ የታጨቀ አይደለም። የጣሊያን የህዳሴ ዘመን ቤቶችን ተከትሎ የተሠራ፣ ቁጥብ ያለ ግንብ ነው። ጌጡ የተሰበሰበው በ52ኛው መንገድ በኩል ባለው ጎኑ መሀል ላይ ነው፤ ዓምዶቹ እዚያ ናቸው፣ ዋናው በርም እዚያ ነበር። ሀብታም ሰው ጎዳና ላይ አይወርድም፤ ሰረገላው ጎን በኩል ገብቶ ጸጥ ያለ ቦታ ላይ ያወርደዋል። ይህን በር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ጉዳይ አለው።

ሰፈሩ አልቆመም

ውል ቤትን ያስራል እንጂ ከተማን አያስርም። ቫንደርቢልት አንዱን ጥግ ሲያስር ጎዳናው በሌላ በኩል ይለወጥ ነበር። በ1904 ሴንት ሬጂስ ሆቴል በ55ኛው መንገድ ጥግ ተከፈተ። በ1906 አልትማን የተባለው ትልቅ መደብር 34ኛው መንገድ ላይ አምስተኛው ጎዳና ገባ፤ ቲፋኒም በዚያው ሰሞን ወደ 37ኛው መጣ። በ1914 ሎርድ ኤንድ ቴይለር ተከተላቸው። ንግዱ ከታች ወደ ላይ፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይገፋ ነበር። የመኖሪያ ሰፈሩም ፊት ፊቱን ሸሸ፤ ሀብታሙ ሁሉ ወደ ሴንትራል ፓርክ ዳር መሄድ ጀመረ።

እዚህ ላይ ስለ ቤት ሽያጭ አንድ የማይወደድ እውነት አለ። ገደቡ ባለበት የፕላንትን ቤት ማን ይገዛዋል? መኖሪያ የሚፈልግ ባለጸጋ ብቻ። ያ ባለጸጋ ደግሞ ሰፈሩን ለቆ እየወጣ ነው። ገደቡ ከተነሣስ? ነጋዴው ሁሉ ይሰለፍለታል። ድንጋዩ አንድ ነው፣ ጣሪያው አንድ ነው፣ ቁጥሩ አንድ ነው። ዋጋው ግን ሁለት ነው። የሁለቱ ልዩነት ያለው ቤቱ ውስጥ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ነው።

የአዲስ አበባ ደላላ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። "አስፋልት ዳር ነው፣ ኮርነር ነው፣ ለድርጅት ይሆናል" ሲል ስለ ሳሎኑ ስፋት ትንፍሽ አይልም። የሚሸጠው "ይሆናል" የሚለውን ነው። ገዢው ካርታውን ገልጦ አገልግሎቱ ምን እንደሚል ካላየ ግን "ይሆናል" ባዶ ቃል ነው።

ፕላንትም መውጣት ፈለገ። ጎዳናው ጫጫታ ሆነበት። ወደ ሰሜን፣ 86ኛው መንገድ ላይ ሌላ ትልቅ ቤት አሠራ። የአሮጌው ቤት ዕጣ ግን በእሱ እጅ ብቻ አልነበረም። ቁልፉ ያለው ገደቡን በጣለው በቫንደርቢልት እጅ ነው። በ1916 ቫንደርቢልት ገደቡን ለቀቀ። 25 ዓመቱ ገና ብዙ ይቀረው ነበር።

ለምን ለቀቀ? የእኔ ንባብ እንዲህ ነው። ገደብ ዋጋ የሚኖረው የሚጠብቀው ነገር እስካለ ድረስ ነው። መኖሪያ ሰፈሩ ሲፈርስ ቤቱን አስሮ ማስቀመጥ ማንንም አይጠቅምም፤ ባዶ ቤት ጎረቤት ማፍራት ነው። እንዲያውም ጥሩ ነጋዴ ቶሎ ቢገባበት ይሻላል፤ አለዚያ የማይፈልጉት ዓይነት ንግድ ይመጣል። በዚያው በ1916 የጎዳናው ነጋዴዎች ራሳቸው የልብስ ፋብሪካዎች ወደ አምስተኛው ጎዳና እንዳይጠጉ ዘመቻ ከፍተው ነበር። ጌጣጌጥ ቤት ከፋብሪካ ጋር ሲተያይ ለቫንደርቢልት መልአክ ነው።

ጥግ የፈለገው ፈረንሳዊ

የካርቲየር ቤት ፓሪስ ውስጥ በ1847 የተከፈተ ነው። ከመሥራቹ የልጅ ልጆች መካከል ሦስቱ ወንድማማቾች ሥራውን ተከፋፈሉት፦ ሉዊ ፓሪስን፣ ዣክ ለንደንን፣ ፒየር ኒውዮርክን። ፒየር በ1909 በአምስተኛው ጎዳና 712 ቁጥር ላይ ሱቅ ከፈተ። በ1911 ሆፕ የሚባለውን ሰማያዊ አልማዝ ለአንዲት አሜሪካዊት ወይዘሮ ሸጦ ስሙ ናኘ። ገበያ አለው፣ ደንበኛ አለው። የጎደለው ቤት ነው።

ጌጣጌጥ ሻጭ ሱቅ ሲፈልግ ከሌላው ነጋዴ የተለየ ነገር ነው የሚያየው። ትልቁ መደብር የሚፈልገው ሰፊ፣ ክፍት፣ ዓምድ ያልበዛበት አዳራሽ ነው፤ ሕዝቡ ይግባ፣ ይራመድ፣ ዕቃውን ያገላብጥ። የመኖሪያ ቤት ለዚህ አይሆንም። ክፍሎቹ የተለያዩ ናቸው፣ ግድግዳዎቹ ወፍራም ናቸው። እንዲሆን ከተፈለገ ውስጡን ጠርጎ ማውጣት ወይም ቤቱን ከነጭራሹ ማፍረስ ነው። ብዙዎቹ የአምስተኛው ጎዳና ቤቶች የጠፉት በዚህ ምክንያት ነው።

የጌጣጌጥ ነጋዴ ግን ዕቃው መዳፍ ውስጥ ይገባል። ደንበኛው ጥቂት ነው፤ ይቀመጣል፣ ቡና ይቀርብለታል፣ በሩ ይዘጋለታል። ለእሱ ትንሽ ክፍል ጥቅም እንጂ ችግር አይደለም። ወፍራም ግድግዳም ሌባን ይከላከላል። በእንጨት የተለበጠ ሳሎን፣ የእሳት ምድጃ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ሌላው ነጋዴ "ይነሣልኝ" የሚለው ሁሉ ለእሱ ጌጥ ነው። ደንበኛዋ ስትገባ የሀብታም ዘመዷን ቤት የጎበኘች እንጂ ሱቅ የገባች አይመስላትም። ከላይ ያሉት ፎቆች ደግሞ ለቢሮና ለዎርክሾፕ ይሆናሉ።

ይህ ቤት ከዚህ ዘመን የደረሰው ለቅርስ ባዘነ ሰው ደግነት አይመስለኝም። ገዢው ነጋዴ ነው፤ ያልፈረሰው ሥራው ቤቱ እንዳለ እንዲቆይ ስለሚፈልግ ነው። የቆየ ቤት የሚሸጥ ሰው ብዙ ጊዜ ማን ብዙ ይከፍላል ብሎ ብቻ ይጠይቃል። የማን ሥራ በዚህ ቤት ቅርጽ ውስጥ ሳይቆራረጥ ይገባል ብሎ የሚጠይቅ ትንሽ ነው።

ሐብሉ

አሁን ወደ ሐብሉ። ፕላንት የመጀመሪያ ሚስቱ በ1913 ሞታበት ነበር። በ1914 በዕድሜ በጣም የምታንሰውን ሜይዚን አገባ። ሜይዚ በካርቲየር ቤት ያየችው አንድ ሐብል ነበር፤ ባለ ሁለት ረድፍ፣ አንዱ 55 ሌላው 73 ፍሬ የተፈጥሮ ዕንቁ። ዋጋው 1 ሚሊዮን ዶላር። እንደሚነገረው፣ ሐብሉን መውደዷ ሲታወቅ ፒየር "ቤቱን ስጡኝ፣ ሐብሉን ውሰዱ" አለ። ቤቱ ያን ጊዜ 925,000 ዶላር ገደማ ይገመት ነበር። በ1917 ቤቱ ለካርቲየር፣ 100 ዶላሩና ሐብሉ ለፕላንቶች ሆነ።

የዛሬ ሰው ይህን ሲሰማ "ምነው ሰው በዶቃ ቤቱን ይሰጣል?" ይላል። የዕንቁን የዚያን ጊዜ ደረጃ ስለማናውቅ ነው። ያኔ የተፈጥሮ ዕንቁ ከአልማዝ በላይ ነበር። ከየት ይመጣል? አብዛኛው ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ። ዛሬ ስንት የአገራችን ልጆች እንጀራ ፍለጋ የሚሄዱባቸው ባህሬንና ዱባይ፣ ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት የሚኖሩት በዕንቁ ነበር። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዘጋል፣ እግሩ ላይ ድንጋይ ያስራል፣ በአንድ ትንፋሽ ወደ ታች ይወርዳል። ብዙ ዛጎል ይሰበራል፤ ዕንቁ የሚገኘው በጥቂቱ ነው። ከጠላቂዎቹ መካከል ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎችም ነበሩበት። በቀይ ባሕር፣ በኤርትራ ዳህላክ ደሴቶች ላይም ዕንቁ ይጠለቅ ነበር። ዣክ ካርቲየር ራሱ በ1912 አካባቢ ዕንቁ ፍለጋ ባሕረ ሰላጤው ድረስ ሄዷል።

እና በመጠን፣ በቀለምና በአንጸባራቂነት እርስ በርስ የሚስማሙ 128 ፍሬ ለማሟላት ዓመታት ይወስዳል። ገንዘብ ስላለ ብቻ በአንድ ቀን አይገኝም። ስለዚህ በ1917 ዓይን ሲታይ ሁለቱም ወገን እኩል ነገር ነው የሰጡት። ፕላንት አልተሞኘም።

ግን የፒየርን ብልጠት ላለማድነቅ አልችልም። 1 ሚሊዮኑ የሐብሉ መሸጫ ዋጋ ነው። ነጋዴ ዕቃውን በመሸጫ ዋጋው ሲከፍል ትርፉንም አብሮ እንደ ገንዘብ ቆጥሮ ነው የሚከፍለው። ለእሱ ሐብሉ ስንት እንደወጣበት የሚያውቀው እሱ ነው፤ 1 ሚሊዮን እንዳልሆነ ግን ለመገመት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም። በዚያ ላይ ዓመቱ 1917 ነው። አውሮፓ በጦርነት ላይ ናት፣ አሜሪካም በሚያዝያ ገብታለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ የ1 ሚሊዮን ዶላር ሐብል የሚገዛ ሰው በቀላሉ አይገኝም። ፒየር መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ሰጥቶ ከቦታው የማይነቃነቅ ጥግ ወሰደ።

100 ዶላሩ ሰውን ያስቃል። እዚያ አገር ግን በስም ማዛወሪያ ሰነድ ላይ ትንሽ ገንዘብ ጽፎ "እና ሌላ ዋጋ ያለው ነገር" ብሎ ማለፍ የቆየ ልማድ ነው። ትክክለኛው ዋጋ በሰነዱ ላይ አይታይም። ስለዚህ መቶዋን እንደ ጉርሻ ሳይሆን እንደ ፎርማሊቲ ብናያት ይሻላል።

በሩን ማዞር

ካርቲየር ቤቱን ለሱቅ እንዲያመቻችለት የጠራው አርክቴክት ዊልያም ዌልስ ቦስወርዝ ነው። የሠራው ሥራ ሲታይ ጥቂት ይመስላል። እኔ ግን ከጠቅላላው ታሪክ የምወደው እሱን ነው።

በሩን አዞረው። ያ በ52ኛው መንገድ በኩል፣ ጸጥታ ፈልጎ የተሠራው መግቢያ ለንግድ አይሆንም፤ መንገደኛው ያለው በአምስተኛው ጎዳና ነው። ስለዚህ የሱቁ መግቢያ ወደ ጎዳናው ዞረ። የታችኛው ፎቅ መስኮቶች የዕቃ ማሳያ ሆኑ። ትልልቅ መስታወት ለመግጠም ግድግዳውን አልዘረጋገፈውም፤ አንዲት ሐብልና ሁለት ቀለበት ለማሳየት የመኖሪያ ቤት መስኮት ይበቃል። እንዲያውም መስኮቱ ሲጠብ መንገደኛው ይጠጋል። ከዚያ በላይ ያለው ግንብ፣ ዓምዶቹ፣ ከጣሪያው ሥር ያለው የተቀረጸው ጌጥ፣ ሁሉም ባለበት ቀረ።

ከጎን፣ በ52ኛው መንገድ 4 ቁጥር ላይ፣ ሌላ ቤት ነበር። የኤድዋርድ ሆልብሩክ ነው፤ ሰውየው የጎርሃም የብር ዕቃ ኩባንያ ኃላፊ ነበር። ያም ቤት ከጊዜ በኋላ ከካርቲየር ሕንፃ ጋር ተያያዘ። የብር ነጋዴው መኖሪያ የወርቅ ነጋዴው ሱቅ ክፍል ሆነ ማለት ነው።

ጎረቤቶቹ እንዲህ አልቀናቸውም። የቫንደርቢልት የራሱ ቤት፣ 660 ቁጥር፣ ከ1926 በኋላ ፈረሰ። የዘመዱ የኮርኔሊየስ ቫንደርቢልት ግዙፍ ቤት፣ 57ኛው መንገድ ላይ የነበረው፣ በዚያው ሰሞን ተሸጦ ፈረሰና በርግዶርፍ ጉድማን የተባለው መደብር ተሠራበት። ከፕላንት ቤት ጎን የነበሩት መንታ የእምነበረድ ቤቶች አንዱ ጠፋ። ሌላኛው፣ 647 ቁጥር፣ ተረፈ፤ ቀድሞ የሥዕል ነጋዴዎች ገቡበት፣ ኋላም የቬርሳቼ ሱቅ ሆነ። የተረፉት ሁለቱ ቤቶች የገባባቸውን ንግድ ተመልከቱ፦ ጌጣጌጥና ሥዕል። ሁለቱም ትንሽ ዕቃ፣ ጥቂት ደንበኛ፣ ትልቅ ዋጋ።

ዕንቁው ሲወድቅ

ፕላንት ቤቱ በተሸጠ በዓመቱ፣ በኅዳር 1918፣ ሞተ። ሐብሉ ከሜይዚ ጋር ቆየ። በዚያው ጊዜ ጃፓን ውስጥ ሚኪሞቶና ሌሎች ዛጎል ውስጥ ፍሬ ከትተው ዕንቁ ማብቀል ተክነውበት ነበር። ከ1920 ገደማ ጀምሮ ክብ የሆነው የእርባታ ዕንቁ ፓሪስና ለንደን ገበያ ገባ። ነጋዴዎች ተጯጯሁ፣ ፍርድ ቤት ደረሱ። ሰው ግን በዓይኑ አይቶ መለየት አልቻለም። ከዚያ የ1929 የኢኮኖሚ ውድቀት መጣና የቀረውን ደቆሰው። ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ስንት መርከብ ቆመ፣ ስንት ቤተሰብ ተራበ።

ሜይዚ በ1956 ሞተች። በ1957 ሐብሉ ኒውዮርክ ውስጥ በፓርክ በርኔት ጨረታ ቀረበ። የወጣለት 151,000 ዶላር ነው። በ40 ዓመት ውስጥ ዶላሩም ራሱ ከግማሽ በላይ ረክሷል፤ ወደ 1917 ዋጋ ሲመለስ 70,000 እንኳ አይሞላም።

ጥፋቱ የት ላይ ነው? ማንም ሰው በ1917 የጃፓንን ዛጎል አይቶ ይተነብያል ብዬ አልጠብቅም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሲጀመር መሸጡ ለምን አስፈለገ? ፕላንት የገንዘብ ችግር አልነበረበትም። እኔ ብሆን አከራይ ነበር። ገደቡ ተነሥቷል፣ ተከራዩ ታማኝ ነው፣ ጎዳናው ገና እየወጣ ነው። ረጅም ኪራይ ሰጥቶ መሬቱን ለልጅ ማቆየት ይቻል ነበር። ግን ይህን የምለው ከመቶ ዓመት በኋላ ተቀምጬ ነው። ሰውየው ሚስቱን ማስደሰት ፈለገ፤ አስደሰተም። ሜይዚ ሐብሉን ለ40 ዓመት ያህል ይዛዋለች።

ከጣሪያው በላይ ያለው ባዶ ቦታ

ታሪኩ ሲወራ ብዙ ጊዜ ጨረታው ላይ ይቆማል። ለንብረት ሰው ግን ጣፋጩ ክፍል ከዚያ በኋላ ነው።

በ1963 ኒውዮርክ ፔን ስቴሽን የተባለውን ድንቅ የባቡር ጣቢያ ማፍረስ ጀመረች። ሰው ተቆጣ። በ1965 የቅርስ ሕንፃዎች ጥበቃ ሕግ ወጣ፣ ኮሚሽንም ተቋቋመ። በ1970 የፕላንትና የሆልብሩክ ቤቶች በዚያ ሕግ ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲያ ባለቤቱ ውጪውን መንካት ከፈለገ ከኮሚሽኑ ፈቃድ ማግኘት ግዴታው ሆነ።

አስቡት። ከመቶ ዓመት በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ አንድ ጥግ ሁለት ገደብ አየ። የመጀመሪያው "ሱቅ አይሆንም" የሚል የግል ውል ነው፤ ገንዘብ ያለው ጎረቤት ጣለው፣ ሲፈልግ አነሣው። ሁለተኛው "አይፈርስም" የሚል የከተማ ሕግ ነው፤ እንደ ቫንደርቢልቱ በአንድ ሰው ፈቃድ የሚነሣ አይደለም። ሁለቱም የቤቱን ዋጋ ነኩት። የመጀመሪያው ሲነሣ ዋጋው ወጣ። ሁለተኛው ሲጣል፣ በተለምዶ አስተሳሰብ፣ ዋጋው መውረድ ነበረበት። አምስተኛው ጎዳና ላይ በዚህ ቁመት ተወስኖ መቅረት ማለት ስንት ፎቅ ኪራይ ማጣት ነው።

ግን አልወረደም፤ ምክንያቱም በኒውዮርክ ደንብ እያንዳንዱ ቦታ መሥራት የሚችለው የወለል ስፋት ተለክቶ ተሰጥቶታል። ቤቱ አጭር ከሆነ ያልተጠቀመበት ስፋት ይተርፋል። ያንን ትራፊ ለጎረቤት መሸጥ ይቻላል። ጎረቤቱ የራሱን ጨርሶ በተገዛው ላይ ፎቅ ይጨምራል። የሚሸጠው አየር ነው እንበል።

ከካርቲየር ጎን፣ 51ኛው መንገድ ጥግ ላይ፣ በ1970ዎቹ ኦሊምፒክ ታወር ተሠራ። 51 ፎቅ ነው፤ የግሪኩ የመርከብ ባለጸጋ ኦናሲስ ቤተሰብ ድርሻ ነበረበት። ታች ሱቅ፣ መሀል ቢሮ፣ ላይ መኖሪያ። ግንበኞቹ ከካርቲየር ሕንፃ በላይ ያለውን የግንባታ መብት ገዝተው ነው ወደ ላይ የወጡት። ቤቱ ሳይነካ፣ አንድ ድንጋይ ሳይነሣለት፣ ሁለተኛ ጊዜ ተሸጠ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ጥጉ፣ ኋላ ሰማዩ። በዚያ ሽያጭ አንድ ሌላ ነገርም አብሮ ሄዷል፦ መብቱ ከተሸጠ በኋላ ቤቱን አፍርሶ ትልቅ ፎቅ ማቆም ትርፉ ይቀንሳል። ስለዚህ ሕጉ ከሚጠብቀው በላይ ሒሳቡም ይጠብቀዋል።

ይህን አሠራር ሳይ እኛ ዘንድ ያሉት የቆዩ ቤቶች ትዝ ይሉኛል። አሮጌ ቤት ያለው ሰው "ቅርስ ነው፣ አትንካው" ሲባል የሚሰማው ቅጣት ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ ማፍረስ አይችልም፣ ማሠሪያ የለውም። መሬቱ የመንግሥት በሆነበት አገር የኒውዮርኩን ሕግ እንዳለ ማምጣት አይሆንም። ለባለቤቱ የሚመለስለት አንድ ነገር ሳይኖር ቤት ጠብቅ ማለት ግን በሰው ኪስ ቅርስ መጠበቅ ነው።

ካርቲየር ቤቱን በ2014 ዘግቶ ትልቅ እድሳት ገባ። ሱቁን ለጊዜው ወደ 59ኛው መንገድ አቅራቢያ፣ ወደ ጄኔራል ሞተርስ ሕንፃ አዛወረው። በመስከረም 2016 ተመልሶ ሲከፍት የመሸጫው ስፋት አራት እጥፍ ገደማ አድጎ 44,000 ስኩዌር ፊት ደርሶ ነበር፤ ወደ 4,000 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ውጪው ግን ያው ነው። ድሮ ቢሮ የነበሩት የላይኞቹ ፎቆች ለደንበኛ ተከፈቱ፣ የክፍሎቹም መንፈስ የመኖሪያ ቤት እንዲሆን ተደረገ። በየዓመቱ ገና ሲቃረብ ደግሞ ሕንፃውን ሙሉ በትልቅ ቀይ ሪባን ያስሩታል። ስጦታ ለመግዛት የመጣ ሁሉ ከፊቱ ቆሞ ፎቶ ይነሣል።